ከውቅያኖስ እስከ ባሮ፦ የወቅት ትንበያን ለእርሻ ውሳኔ መጠቀም

ለሞዴል አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ የሚከተሉትን ማከናወን ይችላሉ፦
• የጋምቤላ ዝናብና የባሮ ሙላት ከሩቅ ውቅያኖሶች ሙቀት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለቡድን አባሎቻቸው ማስረዳት፤
• ኤልኒኖ፣ ላኒና እና የሕንድ ውቅያኖስ የሙቀት ልዩነት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መለየት፤
• የወቅት ትንበያን፣ የአሥር ቀን ትንበያንና የወንዝ ከፍታን እያንዳንዱን ለሚመጥነው ውሳኔ ማዋል፤
• በቀበሌያቸው ዝናብና የወንዝ ከፍታ ለክቶ መመዝገብ።

1. መግቢያ

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። ታዲያ በኢታንግ በቆሎ የሚዘራ ወይም በላሬ ከብት የሚያረባ ሰው ስለ ውቅያኖስ መማር ለምን ያስፈልገዋል? መልሱ አጭር ነው። በማሳችን ላይ የሚወርደው ዝናብ በአብዛኛው የውቅያኖስ ውሃ ነው። ውቅያኖሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የነፋሱ ጉልበትና አቅጣጫ ይለወጣል፤ ነፋሱ ሲለወጥ ዝናቡ ይለወጣል፤ ዝናቡ ሲለወጥ ባሮ ይለወጣል።

ጋምቤላ ራሷ በወንዝ ውሃ ከፍታ የምትኖር ወደብ ነበረች። በ1894 ዓ.ም በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦችም ባሮ ሲሞላ፣ ማለትም በክረምቱ ወራት፣ ቡናና ሌላ ሸቀጥ ለመጫን ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ውሃው መቀነስ ሲጀምር ያልወጣ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ስለዚህ የመርከብ ሰዎች የወንዙን ከፍታ በየዕለቱ መከታተል ግዴታቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ይኸው ክትትል የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ ሥራ ነው።

በየዓመቱ በሬዲዮና በስብሰባ «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» ወይም «ላኒና ነው» የሚል ዜና ይሰማል። ዜናውን በትክክል ያልተረዳ ሰው በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንዱ ጨርሶ አይሰማውም። ሌላው አብዝቶ ይሰማውና ከብቱን በርካሽ ይሸጣል ወይም ማሳውን ሳይዘራ ያሳድራል። የሞዴል አርሶ አደር ስሕተት ደግሞ በእርሱ ማሳ ብቻ አይቀርም፤ እርሱን አይተው የሚዘሩ ጎረቤቶችም አብረው ይከስራሉ።

2. ሁለቱ ውሃዎቻችን

ጋምቤላ ውስጥ እርሻን የሚወስኑት ሁለት ውሃዎች ናቸው። አንደኛው ከሰማይ በማሳችን ላይ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ደጋ ላይ ዘንቦ በወንዝ የሚመጣው ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ስለዚህ ለየብቻ መታወቅ አለባቸው።

ከሰማይ የሚወርደው፦ በክረምት ወራት እርጥበት ያዘለ ነፋስ ከሁለት ወገን ይመጣል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ይደርሳል፤ መንገዱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣል። ከደቡብና ከሰሜን የሚመጡ ነፋሳት የሚገናኙበት ዝናብ ሰጪ መስመር ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ የዝናብ ወቅታችን ይጀምራል፤ ወደ ደቡብ ሲመለስ ያበቃል። ጋምቤላ በምዕራብ በኩል ስለምትገኝ መስመሩ ቀድሞ ይደርስባታል፤ ዘግይቶም ይለቃታል። የዝናብ ወራታችን ከሰሜን ኢትዮጵያ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

በወንዝ የሚመጣው፦ ይኸው እርጥብ ነፋስ የኢሉባቦርን ተራራ ሲገፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በሶር፣ በገባና በብርብር የተሰበሰበው ውሃ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ባሮ ሆኖ ወደ እኛ ይደርሳል። ከጋምቤላ ከተማ በታች ግን መሬቱ ሜዳ ነው። ውሃው መሄጃ ሲጠብበው ወደ ጎን ይተኛል። ከዚህም በላይ ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆንና ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በታች ያሉት ወንዞች ሞልተው ከሆነ የእኛ ውሃ ቶሎ አይለቅም።

ልብ በሉ፦ በቀበሌያችሁ ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ለሳምንት ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የራስን ሰማይ ብቻ አይቶ ስለ ጎርፍ መወሰን አደገኛ ነው።

3. ፓስፊክ ውቅያኖስ፦ ኤልኒኖና ላኒና

ፓስፊክ ከውቅያኖሶች ሁሉ ትልቁ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ በተለመደው ጊዜ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ነፋሱ በፀሐይ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ያከማቸዋል። በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ደግሞ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ገንፎ ሲቀርብ ትንፋሽ ሲመታው የላይኛው ወደ ጠርዝ እንደሚሸሽ ማለት ነው።

ኤልኒኖ የሚባለው ይህ ነፋስ ሲዳከምና የሞቀው ውሃ ወደ መካከለኛውና ወደ ምሥራቁ ፓስፊክ ሲመለስ ነው። ስሙን ያወጡለት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በገና ሰሞን ባሕሩ ሲሞቅና ዓሣው ሲጠፋ አይተው በቋንቋቸው «ሕፃኑ» አሉት፤ ሕፃኑን ክርስቶስን ማለታቸው ነው። ላኒና ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ ይበረታል፣ መካከለኛውና ምሥራቁ ከተለመደው በላይ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ ውቅያኖሱ «መደበኛ ሁኔታ» ላይ ነው ይባላል።

የሚለካው በዲግሪ ነው። በመካከለኛው ፓስፊክ የተመረጠ ሰፊ ቦታ ላይ የውሃው ሙቀት ከረጅም ዓመታት አማካይ በ0.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ፣ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ሲቆይ ላኒና ይባላል። ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ይህን ሁሉ ውሃ በግማሽ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ የዓለምን ነፋስ ያናጋል። ክስተቱ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወራት ይቆያል፤ ጉልበቱ የሚበረታው ታኅሣሥ አካባቢ ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው? በኤልኒኖ ዓመት ክረምትን የሚያጠናክሩት ነፋሳት ይዳከማሉ፤ በተለይ የሰሜን፣ የሰሜን ምሥራቅና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ይቀንሳል። በላኒና ዓመት ክረምቱ የመጠናከር ዕድል አለው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፣ ጋምቤላን ጨምሮ፣ ተጽዕኖው ከሰሜኑ ይለዝባል። ስለዚህ ወሎ ወይም አፋር ላይ የደረሰውን ሰምቶ «እኛም እንዲሁ» ብሎ መደምደም አይገባም።

4. ሕንድ ውቅያኖስ፦ የምሥራቁና የምዕራቡ ልዩነት

ሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ሚዛን አለው። አንዳንድ ዓመት ወደ አፍሪካ ያለው ምዕራባዊ ወገን ይሞቃል፣ ወደ ኢንዶኔዥያ ያለው ይቀዘቅዛል፤ ይህ «አዎንታዊ» ይባላል። አንዳንድ ዓመት ግልባጩ ይሆናል፤ ይህ «አሉታዊ» ይባላል። እነዚህ ስሞች የመለኪያ ምልክቶች እንጂ ለአርሶ አደሩ መልካም ወይም ክፉ ማለት አይደሉም።

አዎንታዊ ሲሆን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ዝናብ ይዘንባል። አሉታዊ ሲሆን በዚያው ጊዜ ድርቅ ያሰጋል። ለጋምቤላ ጉዳዩ የሚመጣው በዝናቡ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ካልወጣ የደረሰ ሰሊጥ ይበሰብሳል፣ የታጨደ ማሽላ ይሻግታል፣ ወንዝ ዳር ውሃ ከሸሸ በኋላ ለሚዘራ በቆሎ የሚጠበቀው መሬትም ሳይገለጥ ይቆያል።

5. ከቅርብ ዓመታት የምንማረው

ሀ) የ2007 ክረምት፦ በታሪክ ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ ነበር። በሰሜን ምሥራቅና በምሥራቅ የአገራችን ክፍል ክረምቱ ከሸፈ። በ2008 ዓ.ም አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ድርቁ የከፋው አፋርን፣ ሶማሌን፣ ምሥራቅ አማራንና ትግራይን በመሳሰሉ ቦታዎች ነበር።

ለ) የ2012 መኸር፦ በሕንድ ውቅያኖስ በብዙ አሥርት ዓመታት ያልታየ ብርቱ አዎንታዊ ልዩነት ነበር። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በኬንያ፣ በሶማሊያ፣ በደቡብ ሱዳን ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሆነ፤ የፒቦር አካባቢም በውሃ ተጥለቀለቀ። የበረሃ አንበጣ ወረርሽኝም ከውቅያኖስ ጋር ይያያዛል። በግንቦት 2010 «መኩኑ»፣ በጥቅምት 2011 «ሉባን» የተባሉ የባሕር አውሎ ነፋሶች የዓረብን በረሃ አርሰው አንበጣው እንዲራባ አደረጉ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ተጨምሮ ኢትዮጵያ ደረሰ።

ሐ) የ2014 ክረምት፦ ላኒና ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ቆይቶ ነበር፤ ሕንድ ውቅያኖስም አሉታዊ ነበር። በክረምቱ ማብቂያ ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማን ጨምሮ በኢታንግ፣ በላሬ፣ በጂካዎና በሌሎች ወረዳዎች ሰው ከቤቱ አፈናቀለ፤ ማሳም አጠፋ። በዚያው ዓመት በቦረናና በሶማሌ ክልል አራት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብት ያልቅ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። አንዱ የውቅያኖስ ሁኔታ ለአንዱ ጎርፍ፣ ለሌላው ድርቅ ሆነ። ቦረና ዝናብ የሚያገኘው በበልግና በመኸር ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ እኛ ደግሞ ዋናውን በክረምት እናገኛለን። ስለዚህ «ላኒና መጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር?» ተብሎ ነው።

6. ውቅያኖሱ እንዴት ይለካል? ትንበያውስ ለምን ይለወጣል?

ፓስፊክ ላይ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ በመልሕቅ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች አሉ፤ በሕንድና በአትላንቲክ ውቅያኖሶችም እንዲሁ። የነፋስን ፍጥነት፣ የአየርንና የውሃን ሙቀት እስከ ጥልቀቱ እየለኩ በሳተላይት ይልካሉ። ከእነርሱ ሌላ ወደ 4,000 የሚጠጉ በነፃ የሚንሳፈፉ መለኪያዎች እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት እየጠለቁ በየአሥር ቀኑ ብቅ ብለው ውጤት ያስተላልፋሉ። መርከቦችና ሳተላይቶችም ይጨምራሉ። ለመርከበኛ የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውና ለእኛ የክረምት ትንበያ የሚወጣው በአብዛኛው ከዚሁ የጋራ መረጃ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን መረጃ ከአገር ውስጥ ጣቢያዎች መረጃ ጋር አገናዝቦ፣ የዛሬውን የውቅያኖስ ሁኔታ ከሚመስሉ ያለፉ ዓመታት ጋር አነጻጽሮ የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ያወጣል። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም ለቀጣናው ተመሳሳይ ትንበያ ያወጣል። መረጃው በጋምቤላ በሚገኘው የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከልና በግብርና መዋቅራችን በኩል ወደ ወረዳ ይወርዳል።

አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፓስፊክ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ስለ ኤልኒኖ የሚሰጥ ትንበያ በዓመቱ ውስጥ ከሚሰጡት ሁሉ ደካማው ነው። የእኛ የክረምት ትንበያ ደግሞ የሚወጣው በግንቦት አካባቢ ነው። ስለዚህ የግንቦቱን ሰምቶ ጆሮን መዝጋት ትክክል አይደለም፤ በሰኔና በሐምሌ የሚወጣው ማሻሻያ ከመጀመሪያው ይልቅ ይታመናል። ትንበያ ተሻሽሎ ሲመጣ «ቃላቸውን አጠፉ» አይባልም።

7. የትንበያውን ቋንቋ መረዳት

የወቅት ትንበያ በሦስት ክፍል ይሰጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ አንድ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ 45 ከመቶ፣ መደበኛ 35 ከመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ» ቢል ትርጉሙ «ዘንድሮ ብዙ ይዘንባል» ማለት አይደለም። ይህን የሚመስሉ 20 ክረምቶች ቢኖሩ፣ 9ኙ እርጥብ፣ 7ቱ እንደወትሮው፣ 4ቱ ደረቅ ይሆናሉ ማለት ነው። አራት ከሃያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብልህ ሰው ማሳውን በሙሉ ለእርጥብ ዓመት አይመድብም፤ ወደ እርጥቡ አዘንብሎ ለደረቁም መጠባበቂያ ያስቀምጣል።

ትንበያው የማይነግረን ሦስት ነገሮች አሉ፦
• የወቅቱን ጠቅላላ መጠን እንጂ ዝናቡ የሚወርድበትን ቀን አይነግርም፤
• ሰፊ አካባቢን እንጂ የእናንተን ቀበሌ ለይቶ አይናገርም፤
• «መደበኛ» የተባለ ክረምት ውስጥም የሁለት ሳምንት ደረቅ ጊዜ ወይም የአንድ ሌሊት ጎርፍ ሊኖር ይችላል።

8. ሦስት ደረጃ መረጃ፣ ሦስት ደረጃ ውሳኔ

የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። የውቅያኖስ ዜና ዕድሉ ወዴት እንዳዘነበለ ይነግረናል፤ ቀኑን አይነግረንም። ስለዚህ እያንዳንዱን ውሳኔ ከሚመጥነው መረጃ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል።

አንደኛ ደረጃ፦ የወቅት ትንበያ (ለወራት)
የሚወሰነው፦ የትኛው ሰብል፣ በየትኛው ማሳ፣ ምን ያህል ዘር።

ወደ እርጥብ ካዘነበለ፦
• ሰሊጥና ለውዝ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ማሳ ላይ ብቻ ይዘሩ፤ ሰሊጥ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ አይተርፍም፤
• ውሃ የሚተኛበትን ማሳ ለሩዝ መድቡ፤
• የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ከዝናቡ በፊት ይቆፈር፣ የቆየውም ይጠረግ፤
• ከብቶች የአባ ሰንጋና የጎርርሳ ክትባት መንገድ ሳይቆረጥ በፊት ይውሰዱ፤
• እህልና ዘር ከወለል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ።

ወደ ደረቅ ካዘነበለ፦
• ቶሎ የሚደርስ በቆሎና ማሽላ ይመረጥ፤ ለአካባቢያችሁ የሚስማማውን ዝርያ ከልማት ጣቢያችሁ ጠይቁ፤
• የማሽላ ድርሻ ከበቆሎ ከፍ ይበል፤ ማሽላ ደረቅ ጊዜን በተሻለ ይቋቋማል፤
• እርጥበት የሚይዝ ጉዝጓዝ ማሳ ላይ ይተው፤ ገለባ አይቃጠል፤
• ወንዝ ዳር ያለው የውሃ ሽሽት መሬት ቀድሞ ሊገለጥ ስለሚችል ዘሩ ቀድሞ ይዘጋጅ።

በሁለቱም ሁኔታ፦ ዘራችሁን በሙሉ በአንድ ቀን አትዝሩ። ከሦስት እጅ አንዱን እንደገና ለመዝራት አስቀሩ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ
የሚወሰነው፦ የመዝሪያ ቀን፣ ዩሪያ የሚጨመርበት ቀን፣ መድኃኒት የሚረጭበት ቀን፣ የአጨዳ ቀን።
• የመጀመሪያው ዝናብ ብዙ ጊዜ ያታልላል። በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካልዘነበ አትዝሩ። ከዘነበም በኋላ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ እርጥበቱ መድረሱን እዩ፤ የሚቀጥሉት አሥር ቀናት ደረቅ ይሆናሉ ተብሎ ከተተነበየ ጠብቁ።
• ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል ዩሪያ አትጨምሩ፤ ታጥቦ ይሄዳል።
• በመስከረም የወቅቱ ዜና «የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን ሞቋል» ካለ የአጨዳውን የአሥር ቀን ትንበያ በትጋት ተከታተሉ፤ የደረሰውን ሰብል ለነገ አታሳድሩ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ወንዙ ራሱ
የሚወሰነው፦ ሰው፣ ከብትና እህል የሚነሳበት ሰዓት።
ይህን ውሳኔ የወቅት ትንበያ ሊተካው አይችልም። ላኒና በሌለበት ዓመትም ባሮ ይሞላል። ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለ ሰው የሚደውለው አንድ ስልክ ትልቅ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ የወንዝ ዳር ቀበሌ ከላይኛው ቀበሌ ወይም ከከተማው አንድ የሚደወልለት ሰው፣ ከታችኛው ቀበሌም አንድ የሚደውልለት ሰው ይሰይም።

9. በእጃችን የምንሠራቸው ሁለት መለኪያዎች

የዝናብ መለኪያ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ውሰዱ። ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ግንድ ላይ አስሩት። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉና ውሃውን ድፉ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ያልዘነበበትንም ቀን «0» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ የተተወ ቀን ያልተለካ እንጂ ያልዘነበ አይባልም።

የወንዝ ምልክት፦ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተሰመረበት ጠንካራ እንጨት ወንዙ ዳር ትከሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ይቀባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቀዩ ምልክት ውሃው ቤት የሚገባበት ከፍታ አይደለም። ቀዩ ምልክት ወደ ከፍታ ቦታ የሚወስደው መንገድ የሚቆረጥበት ከፍታ ነው። ቤቱ ደረቅ ሆኖ መውጫው የተዘጋበት ቤተሰብ ከጎርፍ መሐል እንዳለ ይቆጠራል። ቢጫው ደግሞ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ከብቶች ለመነሳት የሚያስፈልጋቸውን ጊዜ ታሳቢ አድርጎ ከቀዩ በታች ይደረግ። ያለፉት ሙላቶች የት ድረስ እንደደረሱ ከሽማግሌዎችና ከዛፍ ግንድ ላይ ካለው የጭቃ ምልክት ማወቅ ይቻላል።

የነፋስን አቅጣጫ፣ የጉንዳንን ወደ ከፍታ መውጣት፣ የወፎችንና የዓሣን ሁኔታ እያዩ የሚናገሩ አባቶችና እናቶች በየቀበሌው አሉ። እውቀታቸው ከመለኪያው ጋር አብሮ ይመዝገብ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ምልክት ከዝናቡ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ከመዝገቡ ራሱ ይታያል።

10. የቡድን ልምምድ

በአምስት በአምስት ሆናችሁ ተወያዩ።

ጉዳይ፦ አንድ አርሶ አደር በኢታንግ ሁለት ሄክታር አለው። ግማሹ ከፍ ያለ፣ ግማሹ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ነው። አምስት ከብቶች አሉት። በግንቦት የወጣው ትንበያ «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ» ይላል። በሐምሌ የወጣው ማሻሻያ ላኒና መጠናከሩን ገለጸ። በነሐሴ አጋማሽ በቀበሌው ለስምንት ቀን አልዘነበም፤ ከጎሬ የተደወለው ስልክ ግን ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ መዝነቡን ተናገረ።

ጥያቄዎች፦
ሀ) በግንቦት በየትኛው ማሳ ምን ይዝራ? ምን ያህል ዘር ያስቀር?
ለ) የሐምሌው ማሻሻያ የትኛውን ሥራ እንዲያፋጥን ያደርገዋል?
ሐ) በነሐሴ «ሰማዩ ደረቅ ነው» ብሎ ከብቶቹን ወንዝ ዳር ቢያቆይ ምን ሊደርስ ይችላል? የወንዙ ምልክት የትኛው ቀለም ላይ ሲደርስ ይነሳ?
መ) ትንበያው ተሳስቶ ክረምቱ ደረቅ ቢሆን፣ የወሰናቸው ውሳኔዎች ምን ያህል ይጎዱታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ጥሩ ውሳኔ ትንበያው ሲሠምር የሚጠቅም፣ ሳይሠምር ሲቀር ደግሞ ቤት የማያፈርስ ነው።

11. ማጠቃለያና የቤት ሥራ

ፓስፊክና ሕንድ ውቅያኖስ የዝናባችንን ዕድል ያዘነብላሉ። የኢሉባቦር ደጋ የባሮን ሙላት ይወስናል። ማሳችሁና ቤታችሁ ያሉበት ከፍታ ደግሞ ጉዳቱን ይወስናል። ሦስቱን አገናዝቦ የሚያይ ሰው በሬዲዮ ዜና አይደናገጥም፣ ቸልም አይልም።

እያንዳንዱ ሠልጣኝ እስከሚቀጥለው ሥልጠና ድረስ፦
1) አንድ የዝናብ መለኪያ ይትከል፤ የወር መዝገቡንም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያሳይ፤
2) ወንዝ ዳር የሚኖር ከሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር የወንዝ ምልክት ይትከል፤ ቀዩን መስመር ከሽማግሌዎች ጋር ይወስን፤
3) ከላይኛውና ከታችኛው ቀበሌ የአንድ የአንድ ሰው ስልክ ይያዝ፤
4) ይህን ትምህርት ቢያንስ ለአምስት አባወራዎችና እማወራዎች በቋንቋቸው ያስረዳ።